«ለልጆች ብቻ» የሚል የለም

የጋሼ ደምሴን ሞት የሰማሁት ከትምህርት ቤቱ ሳምንታዊ ኢሜይል ነው። መርዶው በሁለት ማስታወቂያዎች መሀል ተሰንቅሯል። ከላይ፣ የሠራተኞች ፓርኪንግ አዲስ ቀለም ስለሚቀባ ሁላችንም ከኋላ በኩል ፓርክ እንድናደርግ ይላል። ከታች፣ ዓርብ ለምሳ ፒዛ መኖሩን ያበስራል። በመሀል የቀድሞ ባልደረባችን «ሚስተር ዴሚሲ» ማረፋቸውንና «ልጆቻችንን መተንፈስ ያስተማሩ ታላቅ ሰው» እንደነበሩ ይገልጻል።

ስማቸውን እንኳ በትክክል አልጻፉትም። እኔ ግን «መተንፈስ ያስተማሩ» የሚለው ላይ ስደርስ፣ ቡፎርድ ሀይዌይ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ነበርና፣ ብቻዬን መኪና ውስጥ ሳቄ አመለጠኝ። ሳቁ ሳያልቅ እንባዬ መጣ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ክላክሱን ያንባርቀው ጀመር። ጋሼ ደምሴ በኔ ቦታ ቢሆኑ ኖሮ ከመኪናቸው ወርደው፣ ወደ ሰውዬው መስኮት ጠጋ ብለው፣ «አሁን ምን እየተሰማህ ነው?» ይሉት ነበር። ቀልዴን አይደለም። አንድ ጊዜ አድርገውታል።

እኔ አትላንታ አጠገብ፣ ቻምብሊ አካባቢ ባለ አንድ ሃይስኩል የወላጆች አገናኝና አስተርጓሚ ነኝ። አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ሲጠራ ልጁ ያጠፋውን የምነግረው እኔ ነኝ። በዚህ ምክንያት የሰፈሩ ሀበሻ ሁሉ የኔን ቁጥር ስልኩ ላይ ሲያይ አማትቦ ነው የሚያነሳው።

ነገሩ የተጀመረው በመኪና ነው። በዚያ ዓመት ልጆች መኪና እየሰረቁ መንዳት ጀምረው ነበር። ሸጠው ሊጠቀሙበት አይደለም፤ ሰፈር ለሰፈር ለመንዳትና ቪዲዮ ለመቅረጽ ብቻ ነው። የወላጆች መኪና ሲሰረቅ የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች ከሚያስተዳድረው ዲስትሪክት ያገኘነው ዝምታ ነበር። የምክትል ርእሰ መምህሩ የሚስተር ሃሎዌይ መኪና ከትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ያውም ካሜራው ሥር ከቆመበት ተነድቶ ዲኬተር ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ የኋላ ወንበሩ በድንች ጥብስ ተሞልቶ ሲገኝ ግን የወጣቶች ጥፋት አጣዳፊ ችግር መሆኑ ታወቀ።

መፍትሔው በካርቶን ታሽጎ መጣ። አንድ ወፍራም ሰማያዊ ጥራዝ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ፖስተሮች፣ ሰው ሲናደድ የሚጨምቃቸው የላስቲክ ኳሶች። «የሕይወት ክህሎት» ይባላል። ልጅ ንዴቱን መግታት፣ ሰው ማዳመጥና ለጓደኛው እምቢ ማለት ከተማረ ከወንጀል ይርቃል ነው ሐሳቡ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ችግሩ የሚያስተምረው ሰው መጥፋቱ ነበር። የሒሳብ አስተማሪዎቹ ፈተና ደርሶብናል አሉ። የስፖርት አስተማሪው ስብሰባው ላይ እያለ ማነከስ ጀመረ። ያን ቀን ከስብሰባው የቀሩት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጋሼ ደምሴ። የሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። በሙሉ ድምፅ ተመረጡ።

ጋሼ ደምሴ ያኔ ስልሳን እየተጠጉ ነበር። አገር ቤት ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር፤ በኬንያ የስደተኞች ካምፕ አልፈው አትላንታ ገቡ፤ ኤርፖርት እየሠሩ ተምረው የማስተማር ፈቃዳቸውን አወጡ። ስኔልቪል ቤት ገዝተው ከባለቤታቸው ከእትዬ ጽጌ ጋር ይኖሩ ነበር። ረጅም ናቸው፤ ቀጭን። ሐምሌ ሲያቃጥል እንኳ ከረባታቸውን አስረው ሹራብ ይደርቡበታል። ከመናገራቸው በፊት ሌባ ጣታቸውን ያነሳሉ። የማያውቃቸው ሰው ሊቆጡት ይመስለዋል፤ እሳቸው ግን ተራ እየጠየቁ ነው።

ጥራዙን ዓርብ ተረክበው ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ መጡ። ከዳር እስከ ዳር አንብበውታል። እንዲህ ያነበበው ሰው በመላው አሜሪካ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ የጻፉት ሰዎች ራሳቸው ምዕራፍ ተከፋፍለው ነው የጻፉት።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ ጣታቸውን አንስተው።

«ይጠይቁ ጋሼ።»

«ይሄ ለልጆች ብቻ ነው የሚል ቦታ አይተሻል?»

«እንዴት?»

«እኔ ፈልጌ አጣሁ። ቁም ይላል። ተንፍስ ይላል። የተሰማህን በስሙ ጥራው ይላል። ከዚያ ምረጥ ይላል። ተማሪው ይቁም፣ ሌላው እንደፈለገ ይሂድ የሚል ግን የለም።»

«ከሌለ የለም እንግዲህ።»

«እንግዲያው ለሁላችንም ነው» ብለው ጥራዙን በብብታቸው ይዘው ወጡ። የትምህርት ቤታችን ሰላም ከዚያ ቀን ጀምሮ ደፈረሰ።

በመጀመሪያ የተነኩት አስተማሪዎቹ ናቸው። መምህራን ማረፊያው ውስጥ አንዱ በፎቶኮፒ ማሽኑ ተበሳጭቶ በጥፊ ሲመታው፣ ጋሼ ደምሴ አጠገቡ ቆመው በአፍንጫቸው ረጅም ትንፋሽ ይስባሉ። ምንም አይሉትም። እንዲከተላቸው እየጠበቁ ነው። ሰውዬው ወይ ይተነፍሳል፣ ወይ ቡናውን ጥሎ ይወጣል። ብዙዎቹ ጥለው መውጣትን መረጡ። ጋሼ ደምሴ አልተቀየሙም፤ «መምረጥም አራተኛው ደረጃ ነው» አሉ።

ክፍላቸው ሌላ ነገር ነበር። ልጆቹ «ሚስተር ዲ» ይሏቸዋል። ጥራዙ «መምህሩ ከራሱ ሕይወት የተሳካ ምሳሌ ይንገር» ይላል። ጋሼ ደምሴ የተሳካ ስላልነበራቸው ያልተሳካውን መንገር ጀመሩ። ሰኞ ሰኞ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ ቅዳሜና እሁድ የሕይወት ክህሎት ሞክረው የደረሰባቸውን ያቀርባሉ።

ጎረቤታቸው ጠዋት ጠዋት በዚያ ቅጠል በሚነፋ ማሽን ሰፈሩን ያውከዋል። ጋሼ ደምሴ በጥራዙ መሠረት ሰውዬውን ሳይሰድቡ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማሽንህን በጠዋት ስታስነሳው እኔ እረበሻለሁ» አሉት። ጎረቤትየው እንዲህ በትሕትና ያናገረው ሰው አጋጥሞት አያውቅም መሰለኝ፣ ልቡ ተነካ። በማግስቱ የራሱን ግቢ ሲጨርስ የነሱንም ይነፋላቸው ጀመር። መኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር።

«ታዲያ ምን ተማርን?» ይላሉ ለክፍሉ።

«ሚስተር ዲ፣ ሰዓቱን አልነገርከውም!» ትላለች አንዷ።

«ትክክል ነሽ። ሰዓቱን አልነገርኩትም» ይሉና ሰሌዳው ላይ ይጽፉታል።

ልጆቹ መጀመሪያ የሚመጡት ሊስቁባቸው ነበር። እያደር ግን ሊመክሯቸው ይመጡ ጀመር። በዚያ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ልጅ ምክር የሚሰጥበት እንጂ ምክር የሚቀበልበት ያልሆነ ክፍል ያ ብቻ ነበር።

ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ያቀረቡት ሪፖርት ግን ራሳቸውን አሳዝኗቸዋል። አጥቢያችን አዳራሽ ይሠራ፣ አይሠራ በሚል ለሁለት ተከፍሎ ሲነታረክ ከርሟል። ጋሼ ደምሴ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በተጠራው ስብሰባ ላይ ጣታቸውን አነሱ።

«አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ ማንም ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት ሌላው የተናገረውን ቢደግምለትስ?»

ሊቀ መንበሩ ደክሞት ስለነበር ፈቀደ። አንዱ ተናገረ፤ ተቃዋሚው ቃል በቃል ደገመለት። ያኛው ተናገረ፤ ይሄኛው ደገመለት። ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ እያንዳንዱ ወገን የሌላውን ሐሳብ ራሱ በስሕተት የተረዳው እየመሰለው ነው አብሮ የኖረው። ያን ቀን ግን ሁሉም በትክክል ተሰማማ፤ ማለቴ በጆሮ። ዛሬ ሁለት አጥቢያ አለን።

«ምናልባት፣ ላይክ፣ አንዳንድ ሰው ባይደማመጥ ይሻላል» አለ ሰኞ ዕለት አንድ ተማሪ ከኋላ። ጋሼ ደምሴ ይህንንም ጻፉት። ግን ለረጅም ጊዜ ወደ ሰሌዳው ዞረው ቆዩ።

ያ ተማሪ ናትናኤል ነበር። ናቲ እንለዋለን። አባቱ ግርማ ቻምብሊ ውስጥ ትንሽ ጎማ ቤት አለው፤ የኔን መኪና ጎማ የሚቀይረው እሱ ስለሆነ ከድሮ ጀምሮ እንተዋወቃለን። ናቲ በዚያ ዓመት በተሰረቀ መኪና ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ተገኝቶ፣ ፖሊስ አስጠንቅቆ ለአባቱ አስረክቦታል። ጥራዙ ደግሞ «ወላጅም ይጠራ» ስለሚል ግርማ ተጠራ።

ግርማም ጋሼ ደምሴም አማርኛ ተናጋሪ ናቸው። ቢሆንም ደንቡ አስተርጓሚ ይገኝ ስለሚል ገባሁ። ደግሞም አስፈለግሁ፤ ያን ቀን ከአማርኛ ወደ አማርኛ ስተረጉም ዋልኩ።

«አቶ ግርማ፣ ልጅዎ በተሰረቀ መኪና ውስጥ መገኘቱን ሲሰሙ ምን ተሰማዎት?» አሉ ጋሼ ደምሴ።

«ምን ይሰማኛል? ሱቄን ዘግቼ መጣሁ።»

«እሱ ያደረጉት ነው። እኔ የተሰማዎትን ነው የጠየቅሁት።»

«አልመታሁትም» አለ ግርማ ፈጠን ብሎ።

«መምታትዎን አልጠየቅሁም።»

ግርማ ወደኔ ዞረ። «እህቴ፣ ጋሼ ምን በል ነው የሚሉኝ?»

«በውስጥህ ምን ነበር? ነው የሚሉህ።»

«በውስጤ? ቁርስ እንኳ አልበላሁም ነበር።»

ጋሼ ደምሴ ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አይደሉም። ብዙ ፊቶች የተሳሉበትን ፖስተር ከግድግዳ ላይ ነቅለው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። እያንዳንዱ ፊት የአንድ ስሜት ነው። ግርማ መነጽሩን አውጥቶ እንደ ካታሎግ መረመረው።

«ይሄኛው ጥርሱን ነው የሚያመው?»

«አይደለም። ተስፋ የቆረጠ ነው።»

«ይሄስ?»

«እሱ ሁሉም ነገር ተደራርቦበት ነው።»

«ይሄ ፊትማ የኔ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ሲበዛ» አለ ግርማ ደስ ብሎት። ከዚያ ፖስተሩን አጣጥፎ መለሰላቸው። «ጋሼ፣ እኔ ደህና ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ናቲ ጆሮው ላይ የሰካውን ማዳመጫ ሳያወልቅ ከስልኩ ቀና አለ። «አትድከም ሚስተር ዲ። አባዬ ፊሊንግ ምናምን የለውም።»

ግርማ ሰምቷል። ተነስቶ ሱቁን ሊከፍት ሄደ።

ዋናው ነገር የሆነው ከሳምንታት በኋላ ነው። የቢሮዬ በር ክፍት ስለነበር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። ደወል ተደውሎ ኮሪደሩ በልጆች ተሞልቷል። ሚስተር ሃሎዌይ ናቲን ኮፍያውን እንዲያወርድ ከኋላው ጠራው። ናቲ ጆሮው ተደፍኗል፤ አልሰማም። ሃሎዌይ ተከትሎ ደረሰና ትከሻውን ጨብጦ ያዘው። ልጁ ደንግጦ ዞረ። እጁ ቡጢ ሆኖ ትከሻው ድረስ ተነስቷል።

ናቲ ቆመ።

እጁን አወረደ። ዓይኑን ጨፈነ። በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ሳበ፤ ልክ እንደ ጋሼ ደምሴ፣ ድምፁ እስኪሰማ።

«እያናገርኩህ ነው!» አለ ሃሎዌይ።

ናቲ በአፉ አስወጣ። እንደገና ሳበ።

«መልስልኝ እኮ ነው የምልህ!»

የናቲ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ የተሰማውን በስሙ እየጠራ ነበር። በዙሪያው የነበሩት ልጆች ሁሉ ትምህርቱን ወስደዋልና የሚያደርገው ገብቷቸዋል። አንዷ «ሦስተኛው ላይ ነው!» ብላ ጮኸች። «አንዴ ታገሠው! ሦስተኛው ላይ ነው!» ሌሎቹም ተቀበሏት። «ሦስት ላይ ነው! ሦስት ላይ ነው!»

ሃሎዌይ ይህንን አመፅ ነው ብሎ ተረዳው። የትምህርት ቤቱን ፖሊስ በሬዲዮ ጠራ።

ክሱ ሦስት ነበር፤ ትእዛዝ አለመቀበል፣ በዝምታ ማስፈራራት፣ ተማሪ ማነሳሳት። ልጁ የመኪናው ማስጠንቀቂያ ስላለበት ነገሩ ቀላል አልነበረም። ጥፋተኛ ከተባለ ከትምህርት ቤት ይወጣል፤ ጉዳዩ ለልጆች ፍርድ ቤት ይተላለፋል፤ የድሮውም ፋይል አብሮ ይከፈታል። ለግርማ ስደውልለት አማትቦ አንስቶ መሆን አለበት፤ ለረጅም ጊዜ ሃሎ አላለም።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለተጠራው ችሎት ዶክተር ዊትፊልድ፣ ርእሰ መምህሯ፣ ከጠረጴዛው ራስ ተቀመጠች። ከዲስትሪክቱ አንድ ኃላፊ መጥቷል። ሃሎዌይ ከወዲህ፣ ግርማና ናቲ ከወዲያ፣ እኔ በመሀል። ጋሼ ደምሴ ጥራዙን ይዘው መጨረሻ ላይ ገቡ።

ሃሎዌይ ያየውን ተናገረ። ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከባድ ትንፋሽ እየተነፈሰ፣ ለማንም ሳይመልስ መቆሙን ሲገልጽ እውነትም የሚያስፈራ ይመስል ነበር። ጋሼ ደምሴ ጣታቸውን አነሱ። ተፈቀደላቸው። ጥራዙን ከፍተው፣ ተማሪው በሚተነፍስበት ጊዜ አዋቂ ሰው እንዳይናገረው፣ እንዳይነካው፣ እንዳያቻኩለው የሚለውን አነበቡ።

«እሱ ለክፍል ውስጥ ነው» አለ ሃሎዌይ።

«ፈልጌያለሁ» አሉ ጋሼ ደምሴ። «ለክፍል ውስጥ ብቻ የሚል የለም።»

የዲስትሪክቱ ሰው ወደ ጥራዙ ጎንበስ አለ። «ይሄን ፕሮግራም ማን ነው ያመጣው?»

«እናንተ» አለች ዶክተር ዊትፊልድ ቀስ ብላ።

ጋሼ ደምሴ ቀጠሉ። ልጁ ይናገር፤ ሚስተር ሃሎዌይ የሰማውን ይድገም፤ ከዚያ የፈለገውን ይመልስ አሉ። ናቲ የራሱን ጫማ እያየ ተናገረ። «እጄ ተነስቶ ነበር። ልመታህ ነበር። መምታት አልፈለግሁም። ስለዚህ ቆምኩ።»

«ሊመታኝ እንደነበር አመነ!» አለ ሃሎዌይ ወደ ኃላፊው ዞሮ።

«መልሱ ገና ነው» አሉ ጋሼ ደምሴ በትሕትና። «ይድገሙት ብቻ።»

«ሊመታኝ ነበር፤ ግን—»

«‹ግን› አላለም።»

«ሊመታኝ ነበር ይላል፣ እኔ እንደሚመስለኝ—»

«‹እንደሚመስለኝ›ም አላለም።»

የሃሎዌይ አንገት ቀላ። ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት የላስቲክ ኳሶች አንዱን ሳያውቀው አንስቶ ይጨምቅ ነበር። አራተኛውን ዐረፍተ ነገር፣ ያንን «ስለዚህ ቆምኩ» የሚለውን ከአፉ ማውጣት አቃተው። መጨረሻ ላይ ስልክ ተደውሎልኛል ብሎ ወጣ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ኳሷን ይዟት ሄደ።

ክሱ በዚያው ተዘጋ። የዘጋው ርኅራኄ ነው ብዬ አልዋሽም። የዲስትሪክቱ ሰውዬ፣ «ዲስትሪክቱ የገዛውን ትምህርት በተግባር ስላዋለ የተቀጣ ተማሪ» የሚል ሪፖርት ሥር ፊርማው ሲቀመጥ ታየው። «ባለመግባባት የተፈጠረ» ተባለና ሁሉም ወደ ምሳው ሄደ።

ፓርኪንግ ቦታው ላይ ጋሼ ደምሴ የመኪናቸውን በር ሲከፍቱ ግርማ ተጣራ።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ያን ቀን የጠየቁኝን...» ግርማ ወደ ሰው አላየም፤ የመኪናውን የፊት ጎማ ነበር የሚያየው። «ፈርቼ ነበር። አንዱ ደውሎ ፖሊስ ነኝ ሲለኝ ልጅህ ሞቷል ሊለኝ መሰለኝ። በተሰረቀ መኪና ተገኘ ሲለኝ ደስ አለኝ። ልጄን ሌባ ሲሉት ደስ ያለኝ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለው ምን ይባላል?»

ጋሼ ደምሴ ጥራዙን በእጃቸው ይዘዋል። አልከፈቱትም።

«እንዲህ ያለው ፊት ፖስተሩ ላይ የለም» አሉ።

ናቲ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። አንደኛውን ጆሮውን ከፈተ። አባቱን አየው። ግርማ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጎማዎ አልቋል ጋሼ። ነገ ሱቅ ያምጡልኝ።»

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሁሉ መላእክት ሆኑ አልልም። ከክፍሉ ጎበዝ ተማሪዎች አንዱ በዚያው ወር በሌላ ሰው መኪና ተያዘ። የያዘው ፖሊስ፣ እንዲህ የተረጋጋና ሰው የሚያዳምጥ ልጅ ይዤ አላውቅም ብሎ ለትምህርት ቤቱ ምስጋና ላከ። ቢሆንም ኮሪደሩ ላይ ድብድብ እየቀነሰ መጣ። ናቲ ከትምህርት ቤት በኋላ አባቱ ሱቅ መዋል ጀመረ። ግቢያችንም መኪና ሳይሰረቅበት ዓመቱ አለቀ።

ፕሮግራሙን የገደለው ይኸው ነው። ችግሩ ከተፈታ ትምህርቱ ምን ያደርጋል ተባለ። ክፍሉ እንዲዘጋ፣ ቦታው ላይ የካሜራዎች መቆጣጠሪያ እንዲገባ ተወሰነ። ዶክተር ዊትፊልድ ጋሼ ደምሴን ስትጠራቸው እኔን ይዘውኝ ገቡ። «ስናደድ እንግሊዝኛው ይጠፋኛል፤ አብረሽኝ ግቢ» ነው ያሉኝ።

ርእሰ መምህሯ ክፉ ሴት አይደለችም። በጥሩ ቃል አስረዳቻቸው። ጋሼ ደምሴ ትንፋሽ ሳቡ፤ አስወጡ። ከዚያ በአማርኛ፣ «ተናድጃለሁ። በጣም ተናድጃለሁ። አዝኛለሁም» አሉ። ተረጎምኩት።

ዶክተር ዊትፊልድ ትንፋሽ ወሰደች። ወደፊት ጠጋ ብላ ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ «በጣም መናደድዎንና ማዘንዎን እየሰማሁ ነው» አለች። ስሜታቸውን ስላካፈሏት አመሰገነቻቸው። ከዚያ የክፍሉን ቁልፍ እንዲያስረክቡ እጇን ዘረጋች።

ቁልፉን ሰጥተዋት ወጣን። ኮሪደሩ ላይ ጋሼ ደምሴ ቀስ ብለው ነበር የሚራመዱት።

«ምንም አልጎደላትም» አሉኝ። «ቃል በቃል ጥራዙ እንደሚለው አድርጋዋለች። ጎበዝ ናት።»

«ታዲያ ጋሼ?»

«ታዲያማ፣ በደንብ ከሰማህ በኋላ ምን ታደርጋለህ የሚለው ምዕራፍ የለም። አሁን ነው ልብ ያልኩት።»

ሌሎች አስተማሪዎች ሲቀሩ እየተተኩ እስከ ጡረታቸው አስተማሩ። ከዚያ ታመሙ፤ እኔም ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ኢሜይሉ መጣ።

ለቅሶው ስኔልቪል እቤታቸው ነበር። መኪናው ወጥቶ ጋራዡ ወንበር ተደርድሮበታል። ሽማግሌዎቹ እትዬ ጽጌን «በቃ፣ አታልቅሺ፣ በርቺ» ይሏቸዋል። የሁለቱም አጥቢያ ሰዎች መጥተዋል፤ በግራና በቀኝ ተለያይተው ተቀምጠዋል። ግርማ ሲገባ ናቲ አብሮት ነበር፤ ያ ቀጫጫ ልጅ ከአባቱ በልጦ ረዝሟል። ደጅ ላይ የለቀስተኛውን መኪና ቦታ እያሳየ የሚያስቆም አንድ ጎልማሳ አየሁ። ጋሼ ደምሴን ቁርጥ ነው። ልጃቸው ኤፍሬም መሆኑን ነገሩኝ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ልጅ እንዳላቸው ለኔ አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም።

ስወጣ ወደ መኪናዬ ሸኘኝ። ስለ አባቱ አወራሁት፤ ስለ ትዕግሥታቸው፣ ሁሉንም ሰው ስለማዳመጣቸው። ኤፍሬም ፈገግ አለ።

«እኛ ቤት የነበረው ሰውዬ፣ ላይክ፣ ሌላ ሰው ነው» አለ። «ሃይስኩል እያለሁ ከሱቅ ዕቃ ሰርቄ ተያዝኩ። ደደብነት ነው። ፖሊሱ ለአባቴ ደወለለት። ‹ልጅ የለኝም› ብሎ ዘጋው። እዚያው ቁጭ ብዬ ሰማሁት፤ ስፒከር ላይ ነበር። እናቴ ናት መጥታ ያወጣችኝ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። ከቤት ወጣሁ፤ ዓመታት አለፉ።»

የመኪናዬን ቁልፍ ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።

«ከዚያ አንድ እሁድ ስልኬ ጠራ። ሃሎ ስል ዝም። ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ፕራንክ መስሎኝ ልዘጋው ስል በእንግሊዝኛ ጀመረ። አባቴ በእንግሊዝኛ አናግሮኝ አያውቅም። ‹ፖሊስ የደወለልኝን ቀን ሳስታውስ አፍራለሁ› አለኝ። በኔ የሚያፍር መሰለኝ፤ ኦኬ፣ አሁን በቃ አልኩ። ከዚያ ወረቀት ሲገለብጥ ሰማሁ። ‹በራሴ› አለ።»

«እያነበቡ ነበር?»

«ቶታሊ። እያነበበ ነበር።»

«አልከፋህም?»

ኤፍሬም ገና ወደ ግቢው ለሚገባ መኪና በእጁ ቦታ አመለከተ። ሹፌሩ እስኪያቆም ጠበቀ።

«ድገመው አልኩት» አለኝ። «ገጹን ወደ ኋላ ሲመልሰው ሰማሁት።»